ፑሪ ሄዶ ከበር ላለመመለስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ህንዷ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለ ፑሪ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «የጃጋናት ቤተ መቅደስ ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ገብቷል። ስሕተት ነው። ትንሽ ስሕተት ቢሆን ባለፍነው ነበር። ግን ከጎጃም ለትምህርትም ለሕክምናም ህንድ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ወይም ሐኪሙ «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» ሲል በተረፈችው ጥቂት ቀን እንዲህ ያለ ቦታ ማየት ይፈልጋል። ጽሑፋችሁን አምኖ ከዴልሂ 30 ሰዓት ገደማ በባቡር ተጉዞ ከበር የሚመለስ እንዳይኖር፣ እርማቱን ከነዝርዝሩ ልከናል።

ከበሩ እንጀምር። ፑሪ በምሥራቅ ህንድ፣ በኦዲሻ ክልል፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ትገኛለች። ሂንዱዎች በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ልንሳለማቸው ይገባል ከሚሏቸው አራት ታላላቅ ቦታዎች አንዷ ናት፤ ሦስቱ በሰሜን ባድሪናት፣ በምዕራብ ድዋርካ፣ በደቡብ ራሜሽዋራም ናቸው። ጃጋናት ለሚባለው የሂንዱ አምላክ የቆመውን ቤተ መቅደስ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማሠራት የጀመረው የምሥራቅ ጋንጋ ንጉሥ አናንታቫርማን ቾዳጋንጋ ሲሆን፣ ማማው ወደ 65 ሜትር ይረዝማል። የአንበሳ በር በሚባለው በምሥራቁ በር ላይ ሂንዱ ያልሆነ እንዳይገባ የሚያሳስብ ሰሌዳ አለ። ክልከላው የቆዳ ቀለም አይቶ የወጣ አይደለም። ኢንዲራ ጋንዲ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳይገቡ ተከልክለዋል፤ ምክንያቱ ባለቤታቸው ፓርሲ፣ ማለትም ከፋርስ የመጣው የዞራስተር እምነት ተከታይ፣ መሆናቸው ነበር።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባ ያውቃል፤ ወደቡ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ እናቶችን አይቷል። የፑሪም ሥርዓት እንደዚያው የቦታው ሥርዓት ነው። በሩ አካባቢ ግን «ግንባርህን ቀለም ተቀባ፣ አፍህን ዝጋ፣ በጓሮ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም። እዚህ ላይ ገንዘብ መበላቱ ቀላሉ ጉዳት ነው። ሂንዱ ያልሆነ ሰው መግባቱ ከታወቀ ግቢው በሥርዓት እንደገና ይነጻል፤ በዚያ ቀን የበሰለው ምግብ ይደፋል። ያ ምግብ ደግሞ በሸክላ ድስት፣ በእንጨት እሳት፣ ለሺዎች የተሠራ ነው። ገባሁ ብሎ የሚኩራራው ሰው የስንቱን ተሳላሚ መሶብ እንደደፋ አያውቅም። የፖሊሱን ጣጣ ሳንቆጥር ነው።

ታዲያ ከውጭ ምን ይታያል? ብዙ። የቆዩ የጉዞ መጽሐፎች ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ቤተ መጻሕፍት ሰገነት ይጠቁማሉ፤ ሕንፃው ስለ ፈረሰ «ሰገነት ላይ ላውጣህ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ መዋጮ ክፈል» የሚል ቢመጣ አትስሙት። አሁን በቤተ መቅደሱ ቅጥር ዙሪያ 75 ሜትር ስፋት ያለው ሰፊ መሄጃ ተሠርቷል፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 2024 ነው። ከዚያ ላይ ማማው ከሥር እስከ ጫፉ ይታያል። ምርጡ ሰዓት ምሽት ነው፤ በየቀኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አገልጋዮች ያለ መሰላልና ያለ ገመድ ድንጋዩን እየቧጠጡ ማማው ጫፍ ድረስ ይወጡና፣ ከስምንት ማዕድን በተሠራው መንኮራኩር ላይ የተሰቀለውን ባንዲራ በአዲስ ይለውጣሉ። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ቶሎ ስለምትገባ በእኛ አቆጣጠር ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቦታ መያዝ ነው። የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ይያዝ፤ ሰውየው ከታች ሲያዩት ከጉንዳን አይበልጥም።

አማልክቱን ራሳቸውን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ዓመቱን ጠብቆ የሚመጣ ቀን አለ፤ ራታ ያትራ ይባላል። ሃይማኖቱ ሌላ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ታቦት አጅቦ ባሕረ ጥምቀት የወረደ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በዓመት አንድ ጊዜ የጃጋናት፣ የወንድሙ የባላባድራና የእኅታቸው የሱባድራ ምስሎች ከቤተ መቅደሱ ወጥተው፣ በሦስት ሠረገላ፣ ባዳ ዳንዳ በሚባለው ሰፊ ጎዳና ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጉንዲቻ ወደሚባለው ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ። በዘጠነኛው ቀን ይመለሳሉ። ከበር የሚመለሰው ሁሉ፣ የውጭ አገር ሰውም ጭምር፣ የሚያያቸው ያኔ ነው። የሠረገላውን ገመድ መሳብም ለማንም አይከለከልም።

ሠረገሎቹ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራሉ። የጃጋናት 16 መንኮራኩር አለው፣ ቁመቱ 13 ሜትር ተኩል ግድም፣ ጨርቁ ቀይና ቢጫ ነው። የባላባድራ 14 መንኮራኩር፣ ቀይና አረንጓዴ፤ የሱባድራ 12፣ ቀይና ጥቁር። ከሩቅ ለመለየት ቀለሙን ማየት ይበቃል። ሲንቀሳቀሱ ባላባድራ ይቀድማል፣ ሱባድራ ትከተላለች፣ ጃጋናት መጨረሻ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች አይሳቡም፤ መንገድ ላይ ካሉ እዚያው ያድራሉ፣ በማግሥቱ ይቀጥላሉ። ስለዚህ «አንድ ቀን ነው» ብሎ የመልስ ትኬት በማግሥቱ ማለዳ የቆረጠ ሰው ግማሹን ሳያይ ሊሄድ ይችላል። ሕዝቡ የማይስማማው ሰው በግንቦት ቢሄድ ይሻለዋል፤ አናጢዎቹ እዚያው ጎዳና ላይ፣ በፑሪ ነገሥታት ቤት አጠገብ፣ በሰው ፊት ግንዱን ሲጠርቡና መንኮራኩሩን ሲገጥሙ ይታያሉ። እኛን ከጠየቃችሁን ከበዓሉ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ቀኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። በ2017 ዓ.ም. በዓሉ የዋለው ሰኔ 20 ነበር፤ የ2018ቱ ሐምሌ 9 ነው። ባለፈው ዓመት ቀን ሆቴል የያዘ ሰው ሦስት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። የሂንዱ ወሮች በጨረቃ ይቆጠራሉ፤ 12 የጨረቃ ወር ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል፤ የእኛ ጥንተ አበቅቴ 11 የሆነውም በዚሁ ልዩነት ነው። ጉድለቱ ሲጠራቀም በየሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ገደማ አንድ ወር ይጨምራሉ፤ በዓሉም ያን ጊዜ ዘግይቶ ይውላል። የሚጨመረው ወር በዓሉ በሚውልበት በአሻዳ ወር ላይ ሲወድቅ ደግሞ፣ ከኒም ዛፍ የተጠረቡት ምስሎች ራሳቸው በአዲስ ይተካሉ። እ.ኤ.አ. በ1977፣ በ1996 እና በ2015 እንዲሁ ሆኗል። ልዩነቱን ቁጠሩት፤ 19፣ 19። የ19 ዓመቱን ንዑስ ቀመር የሚያሰላ የጎጃም ደብተራ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ከበዓሉ 15 ቀን ገደማ በፊት ምስሎቹ በ108 እንስራ ውኃ ይታጠባሉ፤ ከዚያ «ብርድ መታቸው፣ ታመሙ» ተብሎ ከሰው ዓይን ይሰወራሉ። በዚያ ሁለት ሳምንት ተሳላሚው ራሱ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚሄድ ከተማዋ ቀዝቀዝ ትላለች፤ ጸጥታ ለሚወድ ጥሩ ነው።

ስለ ግፊያው ሳንጽፍ ማለፍ አንችልም። ሰው በመቶ ሺዎች ነው የሚመጣው፣ ወቅቱም ሙቀትና ዝናብ የተቀላቀለበት ነው። በ2017ቱ በዓል፣ ሰኔ 22 ንጋት ላይ፣ ጉንዲቻ አጠገብ በተፈጠረ መጨናነቅ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ከታመመ ሰው ጋር ወይም ገና ከቀዶ ሕክምና በተነሣ ሰውነት መሄድ አይገባም። ጤነኛም ቢሆን በጎዳናው ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሰገነት ላይ ቦታ ቀድሞ ቢከራይ ይመረጣል፤ ከመክፈሉ በፊት ወጥቶ ሰገነቱ አጥር እንዳለው በዓይኑ ይይ። መንገድ የወረደ ሰው በገመዱና በመንኮራኩሩ መካከል አይግባ፤ ሠረገላው አንዴ ከተነሣ ቶሎ አይቆምም።

አሁን ወደ መንገዱ። መጀመሪያ ቢጫ ካርድ። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ማስረጃው የሚጸናው ደግሞ ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ሐሙስ ተከትቦ እሑድ የሚበር ሰው ካርድ ቢኖረውም እንደሌለው ይቆጠራል፤ እስከ ስድስት ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ። ለሕክምና የተያዘ ቀጠሮ በዚህ ምክንያት ሲያልፍ ያሳዝናል፤ ስለዚህ ክትባቱን ከቪዛው አስቀድሙ።

ከዴልሂ የኦዲሻ ዋና ከተማ እስከሆነችው ቡባኔሽዋር በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ከዚያ ፑሪ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በታክሲ ወይም በባቡር። በቀጥታ በባቡር የሚሄድ ፑሩሾታም ኤክስፕረስን ይይዛል። ትኬቱ ላይ መድረሻው «ፑሪ» መሆኑን ይይ፤ ፑሪ የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነች እንቅልፍ ቢወስደውም አታልፈውም።

ትኬት ላይ የሚያስቸግሩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ በኢንተርኔት የተቆረጠ የተጠባባቂ ትኬት ስም ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ካልጸና በራሱ ይሰረዛል፣ መሳፈርም አይቻልም። «አር ኤ ሲ» የሚል ካለው ግን ይሳፈራል፣ አንዱን አልጋ ለሁለት ተቀምጠው ይጋሩታል። ታትካል የሚባለው የመጨረሻ ሰዓት ትኬት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ወዲህ በኢንተርኔት ለመቁረጥ አድሃር የሚባለውን የህንድ ነዋሪዎች መታወቂያ ስለሚጠይቅ ለእኛ ሰው ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው የውጭ ቱሪስት ኮታ ነው፤ ፓስፖርት ይዞ ኒው ዴልሂ ጣቢያ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው የውጭ ጎብኚዎች ቢሮ መሄድ። ደረጃው ሥር «ቢሮው ተዘግቷል፣ ተዛውሯል፣ እኔ ላሳይህ» የሚሉ ሰዎች ይቆማሉ። ዝም ብሎ ፎቁን መውጣት ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። ህንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ ባቡሩም በ24 ሰዓት ነው የሚጻፈው። 22፡30 ማለት በእኛ አቆጣጠር የምሽት 4 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሦስተኛውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ትኬቱ «12 ቀን፣ 00፡15» ካለ፣ ባቡሩ የሚነሣው በ11 አመሻሽቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ነው። ለእኛ ሌሊቱ ገና የ11 ሌሊት ነው፤ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው ብለን ስለምናስብ በ12 ማታ ሻንጣ ጎትተን ጣቢያ እንደርሳለን። ባቡሩ ከሄደ አንድ ቀን ሆኖታል።

ፑሪ ላይ ባጃጁን አውቶ ይሉታል፤ ከመሳፈር በፊት ዋጋ መነጋገር እንደ ባሕር ዳር ነው። ማደሪያን በተመለከተ ርካሾቹ የተሳላሚ ማደሪያዎች ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ሰው አይቀበሉም። ይህን እንደ ንቀት አትቁጠሩት፤ የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሁሉ ፎርም ሲ የሚባለውን ቅጽ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማስተላለፍ ግዴታው ስለሆነ፣ ለዚያ ያልተመዘገበ ቤት ይፈራል። በቻክራ ቲርታ መንገድ ያሉት ሆቴሎች የውጭ ሰው ለምደዋል። የአገሬው ሰው ሁሉን በስልክ ይከፍላል፤ የህንድ ባንክ ሒሳብ የሌለው መንገደኛ ግን ጥሬ ሩፒ፣ በተለይም ዝርዝር፣ ይያዝ።

ስለ ጾም። ፑሪ ላይ አትክልት ብቻ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል፤ የእኛ ጾመኛ ግን በዚህ ይታለላል። በህንድ «ቬጅ» ማለት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ነው እንጂ ወተትና ቅቤ የሌለበት አይደለም። በታሸገ ምግብ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብም የምትለው ይህንኑ ነው። ምስሩ ላይ ጊ የሚሉት ቅቤ ሊኖር ይችላል፤ ወጡ ውስጥ እርጎ አለ፤ ፓኒር አይብ ነው። አስተናጋጁን «ጾም ነኝ» ማለት አይረዳም፤ የእነርሱ ጾም ወተት ይፈቅዳልና። እቃውን በስሙ መጥራት ነው፤ ጊ፣ ዱድ (ወተት)፣ ዳሂ (እርጎ)፣ ፓኒር የለበትም? ብሎ መጠየቅ። በእንፋሎት የበሰለ ኢድሊ፣ ከሩዝና ከጥራጥሬ የሚሠራ ስለሆነ፣ ከሁሉ ይሻላል። ለጋ ኮኮናትም በየመንገዱ አለ።

ከቤተ መቅደሱ የሚወጣው፣ ማሃፕራሳድ የሚባለው ምግብ ሌላ ጉዳይ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባበትም፤ ከውጭ አገር የመጡ አትክልቶች ናቸው ተብሎ ድንችና ቲማቲምም አይገባበትም። ተሳላሚዎች ከግቢው ይዘው ወጥተው እንግዳ ይጋብዛሉ። ለአማልክት የቀረበ ምግብ ስለሆነ መብላቱን አለመብላቱን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት። እኛ የምንለው፣ ሁለት እጅን ደረት ላይ ገጥሞ ጎንበስ ብሎ «አመሰግናለሁ» ማለት ማንንም እንደማያስቀይም ብቻ ነው።

ባሕሩን በሚመለከት ጠንከር ብለን እንጽፋለን። ዓባይን የተሻገረ፣ ጣና ላይ ያደገ ዋናተኛ ፑሪ ላይ ዋና አውቃለሁ ብሎ አይግባ። ሞገዱ ውኃውን እየገፋ ዳርቻው ላይ ያከማቸዋል፤ የተከማቸው ውኃ በአሸዋው ጉብታ መካከል ክፍተት ፈልጎ፣ እንደ ቦይ ሆኖ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ቦዩ ባለበት ሞገድ ስለማይሰበር ቦታው ከዳር ሲያዩት ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ሰው መርጦ የሚገባውም እዚያው ላይ ነው። የተወሰደ ሰው ፊቱን ወደ ዳር አዙሮ ከውኃው ጋር ቢታገል ጉልበቱ ያልቅና ይሰምጣል። መዋኘት ያለበት ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ነው፤ ቦዩ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሲሄድ ይለቀዋል። ነጭ ሾጣጣ ባርኔጣ ያደረጉት ኑሊያዎች ባሕሩን የሚያውቁ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ከፍሎ ከእነርሱ ጋር እስከ ጉልበት መግባት ይበቃል። ከዳርቻው በአንዱ ክፍል፣ ስዋርጋድዋር በሚባለው ቦታ፣ ሬሳ ይቃጠላል። እዚያ ስልክ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ለቅሶ ቤት ፎቶ ማን ያነሣል?

ከከተማው 35 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የኮናርክ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ለሁሉም ክፍት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ናራሲምሃዴቫ 24 መንኮራኩርና ሰባት ፈረስ ባለው የድንጋይ ሠረገላ መልክ አሠራው፤ ዋናው ማማ ወድቋል፣ የቀረው አዳራሽም እንዳይፈርስ እ.ኤ.አ. በ1903 በአሸዋ ተሞልቷል። ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው ግድግዳው ላይ ዓይን የሚያሰብሩ ቅርጾች እንዳሉ አስቀድሞ ይወቅ። ቺሊካ ሐይቅም አለ፤ ከፑሪ 50 ኪሎ ሜትር ግድም በሆነችው ሳታፓዳ በጀልባ ወጥቶ ዶልፊን ይታያል። ኪራዩ በጀልባ እንጂ በሰው ስላልሆነ ተሰብስቦ መውጣት ያዋጣል።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ ቢባል ግን ራጉራጅፑርን እንመርጣለን፤ ከፑሪ ብዙ የማትርቅ የሠዓሊዎች መንደር ናት። ፓታቺትራ የሚባለውን ሥዕል ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሲሠሩ ማየት ይቻላል። የሁመርን ፍሬ ዘፍዝፈውና ፈጭተው ያፈሉታል፣ ሙጫ ይሆናል፤ በዚያ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ ደርበው ያጣብቃሉ። ላዩን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከሙጫው ጋር ለውሰው ይቀቡትና ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ሲደርቅ መጀመሪያ በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ድንጋይ ይፈትጉታል፤ ጨርቁ እንደ ብራና ይለሰልሳል። ነጩ ከባሕር ዛጎል፣ ጥቁሩ ከመብራት ጥላሸት ነው። ጠርዙን ቀድመው ይሥላሉ፣ ምስሉን በኋላ። ጨርቅ ላይ ሥሎ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው የአገራችን ሠዓሊ ከእነርሱ ጋር ያለ አስተርጓሚ የሚግባባ ይመስለናል፤ የጃጋናት ዓይን ፊቱን ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ የእኛም ሠዓሊዎች ዓይን ሲሠሩ አይሰስቱም።

ባሕሩ ዳር በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው በማሽን የታተመ ነው፤ አገላብጣችሁ ጀርባውን እዩ፣ የተደረበ ጨርቅና የድንጋይ ፍትጊያ የለውም። እውነተኛውን የገዛ ሰው ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አጥፎ አይክተተው፤ በታጠፈበት ኖራው ይሰነጠቅና ቀለሙ ይረግፋል። በወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልሎ በእጅ መያዝ ነው።

እርማቱን በዚያው ዓምድ ብታወጡልን እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች
ከደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም